ከጠባብ ሰፊ ይሻላል?

እናቴ ዩኒፎርም ስትገዛልኝ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር አስበልጣ ነበር። «ያድግበታል» ትላለች። እጅጌው ሁለቴ ይታጠፋል፣ ሱሪው በቀበቶ ይታሰራል፣ ጫማው ጫፉ ላይ ጋዜጣ ይጠቀጠቅበታል። ልክ የሆነኝ ቀን ደግሞ ጉልበቱ ተቀዷል። መቼም በኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ እንደዚሁ ነው ያደጋችሁት። ከጠባብ ሰፊ ይሻላል።

ዛሬ የማወራችሁ ይቺ አባባል አንድ ተማሪዬን ልትገድለው ስለነበረችበት ቀን ነው። (ራሱ «ጻፈው ቲቸር፣ ስሜን ብቻ ተወው» ብሎኛል።)

ልጁን ከዓመታት በፊት 9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምሬዋለሁ። ቀጭን፣ መለሎ፣ ኋላ ወንበር ላይ እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ የሚቀመጥ። አሁን ኖርዌይ ነው ያለው፤ ምዕራቡ ጠረፍ ላይ ሳልመን ዓሣ የሚረባበት ቦታ ይሠራል። የሥራ ጓደኞቹ ቅዳሜና እሁድ ባሕር ውስጥ ይጠልቃሉ። እሱም ተከትሏቸው ዳይቪንግ ተማረ። ከሐይቅ ውጪ ውሃ አይቶ የማያውቅ የደሴ ልጅ!

እዚያ አገር ባሕሩ በብርዱ ወራት ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። ውሃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ነው የሚወስደው። ስለዚህ የሚለብሱት ድራይ ሱት የሚባለውን ነው። ከአንገት እስከ እግር ጣት አንድ ወጥ፣ ቦቲው አብሮት የተያያዘ፣ ዚፑ ውሃ የማያስገባ፣ አንገቱና የእጅ አንጓው ላይ ጥብቅ የሚል ላስቲክ ያለው ልብስ ነው። ከስሩ ወፍራም ሙቀት ሰጪ ልብስ ይለበሳል። በዋናነት የሚያሞቀው እዚያ ውስጥ የተያዘው አየር ነው።

ጣጣውም ያለው እዚያ አየር ላይ ነው። ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ቦይል ትዝ ይላችኋል? በ1662 ያሳተመው ሕግ፤ ግፊት ሲጨምር የጋዝ መጠን ይቀንሳል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ገደማ ይጨምራል። ላይ 1 የነበረው 10 ሜትር ላይ 2፣ 20 ሜትር ላይ 3 ይሆናል። እና 10 ሜትር ስትወርድ ልብስህ ውስጥ ያለው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ልብሱ ሰውነትህ ላይ ይጣበቃል፣ ይቆነጥጥሃል። ያኔ ደረትህ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነህ ከሲሊንደሩ አየር ትጨምራለህ። ስትወጣ ደግሞ ያው አየር መልሶ ይለጠጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግራ ክንድ ላይ በሚገኘው ቫልቭ እያስወጣኸው ነው የምትወጣው። ልብሱ በሰፋ ቁጥር አየሩ ወዲያ ወዲህ የሚሮጥበት ቦታ ይበዛል።

ልጁ የመጀመሪያውን ድራይ ሱት ያገለገለ ነው የገዛው፤ አዲሱ የሚቀመስ አይደለም። ሁለት አማራጭ ነበረው። ላርጁ ደረቱና ወገቡ ላይ ልክ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያምርበታል፤ ቁጢጥ ሲል ግን አንገቱን ወደ ታች ይጎትተዋል። ኤክስ ላርጁ ርዝመቱ ደህና ሆኖ ውስጡ እሱን የሚያክል ሌላ ሰው ያስገባል። የቱን ወሰድክ ስለው ምን አለኝ መሰላችሁ?

«እንዳልዋሽህ ቲቸር፣ እናቴ ነች የመረጠችልኝ።»

እናቱ ደሴ ነች። በጆሮው ግን «ሰፋ ያለውን ያዝ» ስትለው ሰማት።

አራተኛ ወይ አምስተኛ ጊዜው ነበር። 12 ሜትር ላይ፣ ከዐለት ስር የገባ ሸርጣን ለማየት አንገቱን ደፋ አደረገ። በቃ። ትርፉ አየር ሁሉ ወደ እግሩ ሮጠ። ሱሪው እንደ ፊኛ ተነፋ፣ እግሩ ከሰፊው ቦቲ ውስጥ ሾልኮ ወጣ፤ ቦቲው መቅዘፊያውን እንዳጠለቀ ባዶውን ይወዛወዛል። ተዘቅዝቆ መንሳፈፍ ጀመረ። የአየር ማስወጫው ቫልቭ ክንዱ ላይ ነው፤ ክንዱ ግን አሁን ከታች ሆኗል፣ አየሩ ደግሞ ከላይ። የፈለገውን ያህል ቢጫን አይወጣለትም። ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይለጠጣል፣ በተለጠጠ ቁጥር ይፈጥናል። ጉልበትን ወደ ደረት አጥፎ መገልበጥ እንዳለበት ተምሯል፤ ግን የተነፋ ሱሪ አይታጠፍም። ያደረገው አንድ ትክክለኛ ነገር ትንፋሹን አለመያዙ ነው፤ ትንፋሹን ይዞ እንደዚያ ቢወጣ ሳምባው ይቀደድ ነበር። 6 ሜትር ገደማ ላይ ጓደኛው ደረሰበትና በወገቡ መታጠቂያ ይዞ ገለበጠው።

ማታውኑ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ያ ቦይል የምትለው ሰውዬ ሊገለኝ ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «ይሄ የት ይጠቅማል?» ሲለኝ «ማትሪክ ላይ» ብዬ ያለፍኩት ትዝ አለኝ። ፎርሙላውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አራት ጥያቄ ሰጥቼ ነበር የወጣሁት። አሁን ቢያንስ ሲሪንጅ ይዤ እገባለሁ፤ ጫፉን በጣት ደፍነው ይጫኑታል።

ዘንድሮ ለፋሲካ ሲመጣ አንድ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። በልክ ሊያሠራ ወስኗል። (በነገራችን ላይ ሁሉም ሰው በልክ ማሠራት የለበትም። የተዘጋጀው ልክ ከመጣለት ገንዘቡን ለሌላ ያውለው። እንደሱ ቀጭንና ረጅም፣ ወይም አጭርና ወፍራም ለሆነ ነው ጣጣው።) ወረቀቱ ላይ የሰው ሥዕል አለ፣ ከሃያ በላይ ቦታ ላይ ይለካል። ኖርዌይ ሆኖ መስታወት ፊት ራሱን ለክቶ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሦስት የተለያየ ቁጥር መጣለት። ራስህን ስትለካ ጎንበስ ትላለህ፣ ትከሻህ ይዞራል፣ ሁሉም ይበላሻል። «እዚህ የሚለካኝ ሰው አይጠፋም» አለ። እኔም ፒያሳ ወዳሉ አንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊ ወሰድኩት።

የሰውዬው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጨርቁ ይለጠጣል?» የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ ባሕር አይተው አያውቁም። ልጁ የሚያሠራው ባለ ሦስት ድርብ የሚባለው ነው፣ አይለጠጥም። ኒዮፕሪን የሚባለው ዓይነት ትንሽ ስለሚለጠጥ ተጠግቶ ሊሠራ ይችላል፤ ይሄኛው ግን መንቀሳቀሻ ይፈልጋል። «እንግዲያው እጨምርበታለሁ» አሉ ጋሼ። እዚህ ላይ ተጣላን። ፎርሙ ምንም አትጨምሩ ይላል። በስስ ልብስ ላይ ሰውነቱን ለኩ፣ ከስር ምን እንደሚለብስ ጻፉልን፣ ጭማሪውን እኛ እናውቃለን ነው የሚለው። ጋሼ ሁለት ጣት ቢጨምሩ፣ ፋብሪካው ደግሞ የራሱን ቢጨምር፣ ተመልሰን ኤክስ ላርጅ ልንሆን ነው።

«አርባ ዓመት ስሠራ ያልጨመርኩበት ልብስ የለም» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ሰፍቶበት ነው ሊሞት የነበረው።»

ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ያለ ጭማሪ።

ፎርሙ ላይ አንድ ልኬት አለ፤ ከትከሻ ተነስቶ በፊት በኩል ወርዶ፣ በእግር መሃል አልፎ፣ በጀርባ ተመልሶ እዚያው ትከሻ ላይ የሚገጥም። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሴቶች ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ጋሼም «ይሄስ ለማን ይሰፋል?» አሉ። ቁልፉ ግን እሱ ነበር። ያ ዙሪያ ካጠረ፣ ጎንበስ ስትል አንገትህን ይስብሃል፣ መቅዘፊያህን ማጥለቅ አትችልም። ከረዘመ ደግሞ ሱሪው መሃል ተንጠልጥሎ እግርህ መቅዘፍ ያቅተዋል። ልጁ ረጅም የሆነው በእግሩ ነው፤ አካሉ የመካከለኛ ሰው አካል ነው። ኤክስ ላርጁ እግሩን ብሎ ሌላውን ሁሉ ያሰፋበት ለዚህ ነበር። ጋሼ ሁለቴ ለኩት፣ እኔ አንዴ ለካሁት፤ የኔ በ3 ሴንቲ ተለየ። የሳቸውን ጻፍን።

አንገቱ ላይ ጋሼ እንደ ሸሚዝ ጣታቸውን በሜትሩ ስር አስገቡ፤ እሱንም አስወጣናቸው። የአንገቱ ላስቲክ ከላላ ውሃ ያስገባል። በጣም ከጠበቀ ደግሞ ከመንጋጋ በታች የሚመታውን የደም ሥር ይጫናል፤ የልብ ምት ይቀንሳል፣ ያዞራል፣ ራስን ሊያስት ይችላል። ስለዚህ የላቴክሱ ዓይነት ጠበብ ብሎ ይመጣና በትንሽ በትንሹ በመቀስ እየተቆረጠ ይስተካከላል። ላስቲኩ ላይ ክብ ክብ መስመር አለ፤ አንድ መስመር ትቆርጣለህ፣ ትለካለህ፣ ካስፈለገ ሌላ ትቆርጣለህ። ሁለቱን አንዴ የቆረጠ ሰው ሌላ ላስቲክ ይገዛል።

ልብሱ ከወራት በኋላ ደረሰው። ውሃ ውስጥ ሳይገባ ቤቱ ወለል ላይ ሞክሮ ቪዲዮ ላከልኝ። ከስር ወፍራሙን ልብስ ለብሷል፤ ያለ እሱ መሞከር ዋጋ የለውም። ቁጢጥ ይላል፣ ይንበረከካል። ሁለት እጁን አጣምሮ ተቃራኒ ትከሻውን ይይዛል። እጁን ከራሱ ኋላ ወስዶ የሲሊንደሩ መክፈቻ የሚሆንበትን ቦታ ይነካል። በቀኝ እጁ ግራ ክንዱ ላይ ያለውን ቫልቭ ይነካል። ጉልበቱን እስከ ደረቱ ያጥፋል። ቦቲውን የሞከረው የሚያደርገውን ወፍራም ካልሲ አድርጎ ነው፤ እግሩን ቢያወዛውዝም አይሾልክም። አንገቱ ብቻ ጠበቀው፤ የድስት አፍ ላይ ወጥሮ አንድ መስመር ቆረጠ፣ ልክ ሆነ። የእጅ አንጓው በግራ በኩል ትንሽ ያስገባል፤ ጣቱን ሲጨብጥ የሚወጡት ሁለት ጅማቶች መሃል ጎድጓዳ ይሠራሉ፣ ውሃው በዚያ ይገባል። እሱን ሙሉ በሙሉ የሚያስቀር ልክ የለም መሰለኝ፤ እጁን ሲይዝ እየተጠነቀቀ ይኖራል።

ባለፈው ቅዳሜ ቪዲዮውን ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አዩት። ሦስተኛ ጊዜ ቁጢጥ የሚልበት ላይ አስቆሙኝና ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ጉልበቱ ላይ ትንሽ ሰፍቷል» አሉ። «እኔ እንደዚያ አልለካሁም።»