ከተዘጋው በር ጀርባ



በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ወጣቶችን ሳስተምር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አያልፍም፦ «መምህር፣ ኢሉሚናቲ የሚባለው እውነት አለ?» ጥያቄው ብቻውን አይመጣም፤ «ማስረጃ» ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ዘፋኝ ፎቶ ሲነሣ አንድ ዓይኑን ሸፍኗል። አንዱ ነጋዴ በሁለት ዓመት ውስጥ ፎቅ ሠርቷል። የአንዱ ድርጅት ምልክት ሦስት ማዕዘን ነው። ቪዲዮው በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ይውልና የሰውየው ስም ከሰይጣን ስም ጋር ተቆራኝቶ ያድራል።

ጥያቄውን አልንቀውም። ነገር ግን ከጀርባው ያለውን ሌላ ጥያቄ አብረን እንድናየው እፈልጋለሁ። ሰዎች ለምን በር ዘግተው ይሰበሰባሉ? ውጭ ያለው ሰውስ ለምን ክፉ ክፉውን ይጠረጥራል?

መጀመሪያ የሚታወቀውን እናስቀምጥ። ኢሉሚናቲ በጀርመን አገር በባቫሪያ እ.ኤ.አ. በ1776 አዳም ቫይስሃውፕት በሚባል የሕግ መምህር ተመሠረተ። አባላቱ በስውር ስም ይጠራሩ ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው የአገሩ ገዥ በአዋጅ አገደውና ፈረሰ። ዝናው የገነነው ግን ከፈረሰ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 አንድ ፈረንሳዊ ቄስና አንድ ስኮትላንዳዊ ምሁር በየፊናቸው መጽሐፍ አሳትመው የፈረንሳይን አብዮት በዚህ ማኅበር አሳበቡ። ዛሬ በስልካችሁ የሚደርሳችሁ ወሬ የዚያ ወሬ የልጅ ልጅ ነው።

ፍሪሜሶኖችስ? ስማቸው የመጣው ከግንበኝነት ሙያ ነው። በጥንት አውሮፓ ታላላቅ ካቴድራሎችን የሚሠሩ ድንጋይ ጠራቢዎች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይሠሩ ነበር። የሙያው ምስጢር እንጀራቸው ስለነበረ ይጠብቁታል፤ እንግዳ መጥቶ «እኔም ባለሙያ ነኝ» ሲልም የሚለዩበት ቃል ያስፈልጋቸዋል። ቆይቶ ድንጋይ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ1717 ለንደን ውስጥ አራት ቡድኖች ተባብረው ታላቁን ሎጅ መሠረቱ። ሙያው ቀርቶ ምስጢሩ ብቻ ተረፈ ማለት ነው። ታዲያ ከእንግዲህ ምን ጥቅም ነበረው? ምስጢር ሰውን ያስተሳስራል፤ «እኛ የምናውቀውን ሌላው አያውቅም» ማለትም ልብን ያሞቃል። ውጭ የቀረው ሰው በበኩሉ ያላየውን በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል። የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1738 ማኅበሩን ሲያወግዙ፣ ክፉ ባይሠሩ ኖሮ ብርሃንን ባልጠሉ ነበር ሲሉ ተከራከሩ።

ይህ ክርክር አሳማኝ ይመስላል። ግን ቆም በሉ፤ በእኛም ላይ ተብሏል።

እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ፕሊኒ የሚባል የሮም አገረ ገዥ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ሰሜናዊ ክፍል ክርስቲያኖችን ይመረምር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ትራጃን ማኅበራትን ከመፍራቱ የተነሣ በአንድ ከተማ የእሳት አደጋ ቡድን እንዳይቋቋም እንኳ ከልክሏል። ታዲያ ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው የሚዘምሩ ሰዎችን እንዴት ይመናቸው? ፕሊኒ ሁለት አገልጋይ ሴቶችን በሥቃይ መረመረ። ያገኘው እንዳይሰርቁና እንዳያመነዝሩ የሚገቡትን ቃል ኪዳንና ተራ ማዕድ ነው። ወሬው ግን አልቆመም፤ ክርስቲያኖች መብራት አጥፍተው ነውር ይሠራሉ እየተባለ ቀጠለ።

በአገራችንም በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 250 ያህል የሙሉ ወንጌል አማኞች ለአምልኮ በተሰበሰቡበት ታሰሩ። ደርግ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ መሪዎቿም ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መሰብሰብ ጀመሩ። ስትዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባላት፣ ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

እናቴ ያኔ ወጣት ነበረች። ያስጨንቃት የነበረው ቀበሌው ብቻ እንዳልነበረ ትነግረኛለች። ጎረቤት «ጴንጤዎች መብራት አጥፍተው ነው የሚያመልኩት፤ በጨለማ የሚያደርጉትን እግዜር ይወቀው» ይል ነበር። መብራቱ የሚጠፋው የአብዮት ጥበቃ ብርሃኑን አይቶ እንዳይመጣ ነበር። ልብ በሉ፤ ሮም ላይ የተወራው ወሬ ከዘመናት በኋላ እኛ ሰፈር ተወራ። እናቴ እስከ ዛሬ ወጥ ቤት ሆና ስትዘምር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

በር የተዘጋበት ግን በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። ከደሴ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። ብዙዎች ቀን በአደባባይ ክርስቲያን፣ ማታ በቤታቸው ሙስሊም ሆነው ኖሩ። ስለዚህ የሙስሊሙ ጎረቤታችን አያትም የእኔም እናት መስኮት ዘግተው መጸለይ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ሰውን በግድ ስናስጨንቀው ምስጢረኛ እናደርገዋለን፤ ከዚያ ደግሞ ምስጢረኛ ነው ብለን እንጠረጥረዋለን።

እንግዲህ ምስጢር ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ሁሉም ደግሞ ንጹሕ አይደለም። መለያው «ምስጢሩ የሚጠብቀው ማንን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። አብድዩ መቶ ነቢያትን በዋሻ ሸሽጎ እንጀራና ውኃ ይመግባቸው ነበር (1ኛ ነገ. 18፡4)። ያ ምስጢር ደካማውን ከሰይፍ ይጠብቃል። ሌላው ዓይነት ምስጢር ኃይለኛውን ከተጠያቂነት ይጠብቃል። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት ስለ ትምህርቱ ሲጠየቅ፣ በምኵራብና በመቅደስ በግልጥ እንዳስተማረና የሰሙትን መጠየቅ እንደሚቻል ተናገረ (ዮሐ. 18፡20–21)። ለእውነት መለኪያው ይህ ነው፤ መጠየቅ አያስፈራውም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነታችንን አውጇል። ታዲያ በአንዳንድ ቦታ በር የምንዘጋው ከማን ለመሸሸግ ነው? «የተመረጡ» ብቻ የሚገቡበት የጸሎት ቡድን አለ። «ለወላጆቻችሁና ለሽማግሌዎች አትንገሩ፤ መንፈሳዊ ነገር አይገባቸውም» ይባላል። ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ይሰበሰባል። «ነቢዩ» በሌሊት ለአንዲት እኅት «ይህ መገለጥ ለአንቺ ብቻ ነው፤ አንብበሽ አጥፊው» ብሎ ይጽፋል። ኢሉሚናቲን በሩቅ አገር ስንፈልግ የምስጢር ማኅበር በአጠገባችን ይበቅላል።

በወሎ ያለውን ቅሬ ተመልከቱ። ዳኛው ማን እንደሆነ፣ መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚቀጣ ሁሉም ያውቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል፤ አብሮ ያስተዛዝናል። ማንም አይጠረጥረውም፤ መዝገቡ ክፍት ነውና።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ እላችኋለሁ። የሰው ስም የሚያጠፋ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ሳይቆም ነገር እንደማይጸና አስቡ (ዘዳ. 19፡15)፤ ምስክር ከሌለው ከእናንተ ስልክ አይለፍ። በሐሰት የተወራበት ሕዝብ ልጆች ናችሁና። ሁለተኛው፣ ማንም ሰው በእግዚአብሔር ስም «ለማንም አትንገሩ» ካላችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ካስቆጣው ከዚያ ውጡ፤ ለምታምኑት ወላጅ ወይም ሽማግሌ ንገሩ። እሱ ዝም በሉ ካላችሁ ለሌላ ንገሩ። ይህን ማድረግ ቤተ ክርስቲያንን ማዋረድ አይደለም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን በጨለማ ሆነው የናፈቁትን ብርሃን መጠበቅ ነው።