ውጅግራ

«ውጅግራ» የሚለውን ቃል በፉከራና በቀረርቶ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን፥ «ግራ» መሣሪያውን የነደፈው የፈረንሳዩ መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። አባቶቻችን ሁለቱን አጣምረው ለአፋቸው እንደሚመች አድርገው አንድ ቃል አወጡለት። እኔ ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሬ ባውቀውም፥ ጠመንጃውን የነካሁት ግን ከአገሬ ርቄ፥ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ነው።

በዚያ አገር የጦር መሣሪያ ሰብሳቢዎች በየጊዜው እየተገናኙ ያላቸውን ያሳያሉ፤ ይሸጣሉ፤ ይለውጣሉ። የሄድሁበት ትርኢት በአንዲት ትንሽ ከተማ፥ በእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ የተዘጋጀ፥ ከሠላሳ ጠረጴዛ የማይበልጥ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስፈልገው የኖርሁት ማናቸውንም ውጅግራ አልነበረም። ከፈረንሳይ የወጣውን ማግኘት አያስቸግርም፤ በኢትዮጵያ እጅ ያለፈውን ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

በመጨረሻው ረድፍ፥ ከአደን ጠመንጃዎች ሥር ተጋድሞ አየሁት። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱም ከ4 ኪሎ ይበልጣል። በጠፍጣፋ ጎኑ ላይ በተያያዘ የእጅ ጽሕፈት አምሳል የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ስምና 1874 የሚለው ቁጥር ተቀርጾበታል። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየተኩሱ አንድ ብቻ ያጎርሱታል። ባሩዱ ጥቁር ስለሆነ ጭሱ የተኳሹን ሥፍራ ያጋልጣል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል የተባለውን ጠመንጃ ስትይዝ፥ ውጅግራ ተራፊ ሆኖ ለነጋዴ ተሸጠ፤ በቀይ ባሕር ዳርቻም በኩል ወደ እኛ ገባ። (ባለቅኔው አርተር ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1887 አሮጌ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ከታጁራ ወደ ምኒልክ መጥቷል።) በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተተኮሱት ልዩ ልዩ ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ነበር።

ሻጩ ትሑት ሽማግሌ ነበሩ። ሰደፉን አገላብጠው አሳዩኝና፥ «ይህ ጭረት አበላሽቶታል፤ ስለዚህ 450 ዶላር ብቻ። ከወደዱ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አጠፋልዎታለሁ» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጭረት አልነበረም፤ በጩቤ ጫፍ የተቀረጸ «አባ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ፊደሎች ከእጅ ብዛት አልቀዋል። አጼ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፥ ራስ አሉላም «አባ ነጋ» እንደሚባሉ ታውቃላችሁ፤ የዚህም ጠመንጃ ጌታ በፈረስ ስሙ ሳይጠራበት አልቀረም።

ዝም ብዬ ብከፍል በርካሽ እወስደው ነበር። ነገር ግን የጽሑፉን ትርጉም ደብቆ መግዛት፥ የዚያን ሰው ስም ከብርጭቆ ወረቀቱ ባላነሰ መፋቅ መሰለኝ። ስለዚህ የፊደሎቹን ድምፅ፥ የፈረስ ስምንም ልማድ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አጥልቀው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፤ «አባ» የሚለውንም በራሳቸው አፍ ደጋግመው አሉት። ከዚያ በኋላ ዋጋውን 500 አደረጉት። ነጋዴ ናቸውና አልተቀየምኋቸውም፤ ከፈልሁ።

አሁን ሰደፉን በተልባ ዘይት እያሸሁ በመብራት ፊት አዘንብዬ እመረምረዋለሁ። ከ«አባ» ቀጥሎ ያለው ፊደል አንዳንድ ሌሊት «ለ» ይመስለኛል፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ «በ»።