የመጨረሻው ዲስክ

በዚህ ገጽ ስለ ፍቅርና ስለ ናፍቆት ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ዛሬ ስለ አንድ የተጫጫረ ዲስክ ልጻፍ። አትሳቁብኝ።

ያደግሁት ቢታ ገነት ነው፤ ከቦንጋ ወዲያ፣ ቡናና እንሰት ከጓሮ የማይታጣበት አገር። ከገበያው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ ፕሌይስቴሽን ቤት እንላታለን። ያላት ሀብት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚና ሁለት ጆይስቲክ ነው። መብራት ካለ አንዱ ጨዋታ ሁለት ብር፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል።

የምንጫወተው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2014ን ነበር። ኋላ ስለ እሱ ሳነብ ገረመኝ። ኮናሚ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያወጣ ለፕሌይስቴሽን 3 ፎክስ ኢንጂን በሚባል አዲስ ሞተር ሠራው። ተቺዎች የተከራከሩት ስለዚያኛው ነው። እሱንም ጎዶሎ ነው አሉት፤ ሲወጣ ዝናብ እንኳ አልነበረበትም። (ለቢታ ልጅ ዝናብ የሌለበት ኳስ ምኑ ኳስ ነው!) በአሮጌው ሞተር የተሠራውን የኛን፣ የፕሌይስቴሽን 2ቱን፣ ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም ማለት ይቻላል። ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ ወጥቶ፣ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ፣ በ2013 መጀመሪያ ምርቱ ማብቃቱ ተነግሮ ነበር። ጨዋታው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሲወጣ ለማሽኑ ከተሠሩት የመጨረሻዎቹ አንዱ ሆነ። አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደ ልጅ በሉት።

ታዲያ እንዴት ቆየ? ማሽኑ በርካሽ ይገኛል፤ 32 ሜጋባይት ማስታወሻ ይዞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ደግሞም ወዳጆቹ በየአገሩ ቁጭ ብለው የተጫዋቹን ስምና ማሊያውን እየለወጡ እንደገና ይቀዱታል። በኛ ቤት ዲስኩ ላይ 2014 ይላል፤ ውስጡ ግን በየዓመቱ አዲስ ቡድን ነበር።

የቤቷ ጠባቂ ከኔ በሦስት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋረጠ። የሱ ሕግ አንድ ነበረች። ስክሪኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ጮክ ብለህ ካላነበብክ ጆይስቲክ የለም። «ያላነበበ አይጫወትም!» ይላል። ከዚያ ጨዋታው ሲጀመር በካፊ ኖኖ እንደ ራዲዮ ጋዜጠኛ ያስተላልፍልናል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከትምህርት ቤት ይልቅ እንግሊዝኛን ያስለመደኝ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በሩ ላይ አስቆመኝ። «ሳትፈተን እዚህ እንዳላይህ» አለኝ። እኔም በንዴት፣ «አንተ ስላልተማርክ ቀንተህ ነው» አልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። እሱ ምንም አልመለሰ፤ ጎንበስ ብሎ ዲስኩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። አለፍኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሳልሰናበተው ሄድኩ።

እዚህ ዶርም ውስጥ ልጆቹ ስለ አዳዲሶቹ ጨዋታዎች ሲያወሩ፣ እኔ በየትኛው እንዳደግሁ ተጠይቄ አፍሬ ዋሽቻለሁ። አሁን የሚያሳፍረኝ ውሸቱ ነው። ተቺ የሚመዝነው አዲሱን ነው፤ አሮጌው የማን እጅ እንደደረሰ፣ እዚያም ምን እንደሠራ ማን ይጠይቃል?

ባለፈው ክረምት ዕረፍት ሄድኩ። ቤቷ አለች፤ እሱም አለ። ይቅርታውን በመንገድ ስሰካካው የመጣሁት ጠፋብኝ። እሱ ግን ጆይስቲኩን አቀበለኝና «ና ተቀመጥ» አለኝ። 4 ለ 1 አሸነፈኝ። ሁለት ብሬን ባወጣ አልቀበልም አለ።

ይቅርታውን እስካሁን አልጠየቅሁትም። ይህችን ወረቀት ይዤለት እሄዳለሁ፤ በሕጉ መሠረትም ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።