ሸሕዲ ያስተማረችኝ እንግሊዝኛ

ከአይከል ቁልቁል ሲወረድ መጀመሪያ የሚለወጠው አየሩ ነው። ጎንደር ላይ ተከናንቤው የተነሳሁትን ጋቢ አጣጥፌ ጭኔ ላይ አኖርኩት፤ ነጋዴ ባሕርን ስናልፍ ደግሞ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። ቀጥሎ የተለወጠው ዘፈኑ ነው። ሾፌሩ እስከዚያ ድረስ ማሲንቆ ሲያሰማን ቆይቶ ፍላሹን ነቀለና ሌላ ሰካ፤ መኪናው በሱዳን ዘፈን ተሞላ። ቅር ያለው ተሳፋሪ አልነበረም። ከኋላዬ የተቀመጡት ነጠላ ያጣፉ እናት የወንበሩን ብረት በጣታቸው እየመቱ ተከተሉት። ዓረብኛውን ይስሙት አይስሙት እንጃ፤ ምቱ ግን አንዴም አላመለጣቸውም።

የሱዳኑ ጦርነት ሳይነሳ፣ በኅዳር ወር ነበር። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች መንገዱን ይዘውታል። ሸሕዲ፣ በመንግሥት ወረቀት ገንዳ ውኃ የምትባለው፣ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ሙቀቷን፣ አቧራዋንና ንግዷን ብዙ ሰው ያወራል። እኔ የወደድኳት በጆሮዬ ነው። ከአንዱ ሻይ ቤት ክራር፣ ከጎኑ የሱዳን ዘፈን፣ ከፊት ለፊቱ ሰሞኑን አዲስ አበባ የወጣ ነጠላ ዜማ ይሰማል፤ ከበርካታ ቤት ደጃፍ ቁጭ ያሉት ሰዎች ደግሞ ስለሚሰሙት ነገር ይከራከራሉ። ስለ ሙዚቃ እንዲህ አጥብቆ የሚያወራ ከተማ አይቼ አላውቅም።

ሥራዬ እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። ለፈተናና ለውጭ ትምህርት የሚዘጋጁ ተማሪዎች ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ወጣቶች አኗኗር፣ ስለ ባህልና ማንነት ጠለቅ አድርገው እንዲናገሩ የሚያስፈልጋቸውን ቃላት አስይዛቸዋለሁ፤ ሳብካልቸር፣ ሜይንስትሪም፣ ፊውዥን፣ ዲያስፖራ የሚባሉትን። የመማሪያ መጻሕፍቱ ምሳሌ ሁልጊዜ ከሩቅ ነው፤ የለንደን ፓንኮች፣ የብሮንክስ ራፐሮች፣ የጃማይካ ራስታዎች። ራስታው እንኳ ሻሸመኔ እያለ በለንደን በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰን። ያረፍኩበት ቤት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረና ሙያዬን ሲሰማ ደብተሩን ይዞ መጣ። «መምህር፣ ትርጉማቸውን ሸምድጃለሁ። የምናገርባቸው ነገር ነው ያጣሁት» አለኝ። አጎቱ ከጎናችን ሆነው ሰሙና፣ «ነገርማ ሞልቷል፤ ተነሱ» ብለው ሁለታችንንም ይዘው ወጡ።

የወሰዱን አዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪው ጎንደር አጠገብ ካለችው የአዝማሪዎች መንደር ከቡርቧክስ የመጣ ሰው ነው። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል እጣን አወጣ። የደጋኑን ጭራ እላይዋ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲጎትተው ነጭ ብናኝ ቦነነ። ጭራው እጣን ካልቀመሰ በማሲንቆው ላይ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። እጣኑ ከየት እንደመጣ ስጠይቀው በአገጩ ወደ ውጭ፣ ወደ ጨለማው አመለከተኝ። መተማና ቋራ የእጣን ዛፍ አገር ነው። በበጋ ሠራተኞች ግንዱን በስሱ ይፍቁታል፣ የወጣው ፈሳሽ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፣ ይለቅሙታል፣ ቁስሉን ሰፋ አድርገው እንደገና ይፍቁታል። የሚሰበሰበው እጣን በየቤተ ክርስቲያኑ ይጤሳል፣ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። በዚያ ምሽት ደግሞ ፊት ለፊቴ ማሲንቆ ሲያናግር አየሁት።

ቤቱ ሲሞቅ አንድ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሾፌር ተነስቶ በተሰባበረ አማርኛ «ተቀበል!» አለ። የሰጠው ስንኝ ስለ ጉምሩክ ሰልፍ ነው፤ ሐሳቡ አለ፣ ቤቱ ግን አልመታም። አዝማሪው ሁለት ቃል ቦታ አቀያይሮ፣ መጨረሻውን አስተካክሎ፣ የሾፌሩን ብሶት የቤቱ ሁሉ ብሶት አድርጎ መለሰለት። ሾፌሩ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ተማሪው ደብተሩ ላይ «ኢምፕሮቫይዜሽን» ከሚለው ቃል ጎን ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረ፤ እጁ አልቆም አለ።

አዝማሪው ደግሞ በዕረፍት ላይ ከሚስቱ ጋር ያወራ ነበር። ሰዋስዉ የአማርኛ ነው፤ ቃላቱን ግን ከእነሱ በቀር የሚሰማ የለም። ይህን የአዝማሪዎች የምስጢር ቋንቋ የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኢትዮጵያ የቡድን ቋንቋዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከሌሎች ጋር መዝግቦታል። ዲክ ሄብዲጅ ስለ ሳብካልቸር የጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ የወጣው ከዚያ 15 ዓመት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የሄብዲጅ ፓንኮች በመርፌ ቁልፍና በተቀዳደደ ልብስ ከብዙኃኑ ይለያሉ። አዝማሪው ልብሱ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ የሚለየው በሙያው፣ በጋብቻውና በቋንቋው ነው። ብዙኃኑ ያለ እሱ ሠርግ አይደግሱም፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም ነበር። እንዲህ ያለውን ቡድን ሳብካልቸር ማለት ትክክል ይመስለኛል፤ እንዲያውም ቃሉ ከፓንኮቹ ይልቅ እዚህ ክብደት ያገኛል።

ልባችንን የወሰደው ግን ፊውዥን የሚለው ቃል ነው። ተማሪው የሸሕዲን ሙዚቃ «የዓረብና የኢትዮጵያ ፊውዥን» ብሎ ጽፎ ነበር። አጎቱ ሲነበብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፊውዥን ያልከው ቅይጥ ከሆነ፣ የሚቀየጥ መጀመሪያ ለየብቻ የነበረ ነገር ነው» አሉት። «የሱዳኑን ዘፈን ስሰማው የባዕድ ሆኖ አያውቅም። ጆሮዬ መንገዱን ያውቀዋል።»

እኚህ ሰው ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው እንጂ የዜማ መምህር አይደሉም፤ ሆኖም የተናገሩት የሙዚቃ ተመራማሪዎች በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን ነው። የሰሜንና የመካከለኛው ሱዳን ዘፈን ቋንቋው ዓረብኛ ይሁን እንጂ ቅኝቱ የካይሮ ወይም የደማስቆ አይደለም። እንደ እኛው ትዝታና ባቲ በአምስት ድምፅ ይሄዳል። የኑቢያዎች ኪሲርና የእኛ ክራር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከኑቢያ ተወልዶ በኑቢያኛም በዓረብኛም የዘፈነው መሐመድ ወርዲ ከአገሩ በተሰደደበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ዝግጅት በአልበም ወጥቷል። በሱዳናዊው ሰይድ ኸሊፋ ዘፈን በየሠርጉ የጨፈሩ የእኛ ወላጆች ብዙዎቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ዓረብኛ አይችሉም። ጥላሁን ገሠሠም ካርቱም ላይ እንደ ቤተሰብ ይታወቃል። ፊውዥን የሚባለውማ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ያደረገው ነው፤ አስቦና አጥንቶ የእኛን አምስት ድምፅ ከጃዝ አሥራ ሁለቱ ጋር አዋሃደ። የመተማው ግን ማንም ያላቀደው ዝምድና ነው። ድንበሩ ከመሰመሩ በፊት የነበረ ዝምድና ነው ብዬ አምናለሁ።

«አይደንቲቲ» ላይ ስንደርስ ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ። በእንግሊዝኛ መማሪያ ውስጥ ቃሉ ስለ ፀጉር አቆራረጥና ስለሚወዱት ባንድ ያወራል። እዚህ ማንነት ሰው የሞተበት ቃል ነው። የቅማንት የማንነት ጥያቄ ያስነሳው ግጭት በዚህ ቆላ ቤት አቃጥሏል፣ ጎረቤት ከጎረቤት አለያይቷል። አማራው፣ ቅማንቱ፣ ጉሙዙ፣ ከትግራይና ከወሎ የመጣው፣ ከማዶ የተሻገረው በአንድ ገበያ ይውላል፤ «አንተ ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታ መሆኑ ቀርቷል። ልጁ ስለዚህ በእንግሊዝኛም ቢሆን መጻፍ እንደማይፈልግ ነገረኝ፣ እኔም አልገፋሁትም። የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስቱዋርት ሆል የተባለ ጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ የኖረ ምሁር፣ ባህላዊ ማንነት ያለፈውን ያህል የወደፊቱም ነው፣ ገና በመሆን ላይ ያለ ነገር ነው ብሎ ጽፏል። አጎቱ ይህን እንደገና አስደገሙኝ። ከዚያ አዝማሪውን ጠርተው አንድ ዘፈን አዘዙ፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉም የሚያውቀው ዘፈን ነበር።

በነጋታው መተማ ዮሐንስ ደረስኩ። ከተማዋ የአፄ ዮሐንስን ስም የያዘችው መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ስለወደቁባት ነው። ከድንበሩ ድልድይ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት ናት። ዲያስፖራ የሚለውን ቃል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በደርግ ዘመን የሸሹ ወጣቶች በዚህ ቆላ እያቆራረጡ ገዳሪፍና ካርቱም ገብተዋል፤ ከዚያ ዋሽንግተንና ቶሮንቶ ደርሰው የእኛን ዘፈን እዚያ ተክለዋል። ከጎንደር መንደሮች በእግራቸው ወጥተው ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ ካምፕ የደረሱ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ፤ ከካርቱም ጦርነት የሸሹት በዚሁ ድልድይ ወደ እኛ ተሻገሩ፣ ኩመርና አውላላ በተባሉት መጠለያዎች ሰፈሩ። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ያ ሾፌር ነው። «ተቀበል» ማለትን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ወደ ሸሕዲ ስመለስ ልጁ ርዕስ መርጦ ጠበቀኝ፤ የሰሊጥ ሠራተኞች የማታ ጭፈራ። በአጨዳ ወቅት ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ የሚወርዱ ወጣቶች እርሻው ላይ በየጎጆው ያድራሉ፣ ማታ ማታ እየተፈራረቁ ይዘፍናሉ። ልጁ ሳብካልቸር የሚለውን ቃል ጽፎ ሰርዞታል። «መምህር፣ ወቅቱ ሲያልቅ ይበተናሉ እኮ። በየዓመቱ ተሠርቶ በየዓመቱ የሚፈርሰውን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። የቃል ዝርዝሩን ዘግቶ ያየውን እንዲጽፍ መከርኩት። በእንግሊዝኛ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ያገሩን ይዘፍናል፤ በሦስተኛው ሳምንት የጎጃሙ ልጅ ወሎዬው ሲያወጣ ይቀበላል፤ ደመወዝ በተከፈለ ማታ ከሱዳን ሬዲዮ የሰሙትን ዜማ በአማርኛ ግጥም ያዜሙታል፤ ግጥሙን ማን እንደጀመረው ሲጠየቁ እያንዳንዱ ከጎኑ ያለውን ይጠቁማል።