የኮንሶ ልጆችና የትውልድ ምሰሶ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ ኮንሶ ሲደርስ አስቀድሞ የሚያየው የደንጊያ እርከን ነው። ተራራው ከግርጌው ጀምሮ እንደ ደረጃ ተክቦ፥ ዝናም አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስደው ተገድቦ ይታያል። ይኽን ሥራ 21 ትውልድ እየተቀባበለ ከ400 ዓመት በላይ ሲሠራው ኖሯል፤ ስለዚህም በሰኔ 2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

እኔ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቼ ልነግር የፈለግሁት ስለ ደንጊያው ሳይሆን ስለ ልጆቹ ነው።

በጋሞሌ መንደር ሞራ የሚባል የሕዝብ መሰብሰቢያ አደባባይ አለ። በዚያ ረዣዥም የእንጨት ምሰሶዎች ባንድነት ታስረው ቆመዋል። በየ18 ዓመቱ አዲስ ትውልድ ኀላፊነቱን ሲረከብ አንድ ምሰሶ ይጨመራል፤ ስለዚህ ምሰሶውን የቈጠረ ሰው የመንደሩን ዕድሜ ይገምታል። በሞራው ደግሞ ፓፍታ የሚባል ጣራው በሣር የተከደነ ቤት አለ። ባህሉ እንደሚያዝዘው ያላገቡ ወጣቶች በዚያ ያድራሉ፤ በሌሊት እሳት ወይም ሌላ አደጋ ቢነሣ ፈጥነው የሚደርሱ እነሱ ናቸው። እንግዲህ የኮንሶ ልጅ አገሩን የሚረከበው አባቱ ከሞተ በኋላ አይደለም፤ ገና በጕብዝናው አገር ይጠብቃል።

በጥላው ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የምሰሶውን ነገር ሲነግሩኝ ቆይተው፥ አጠገባቸው ወደ ነበረው ጐረምሳ ዞሩና፥ «አንተ ልጅ፥ የእናንተ ሲቆም መንደሩ ምን እንዲሆን ትወዳለህ?» አሉት።

ልጁም ጥቂት አስቦ፥ «እኔ ከተማ ሄጄ ስለ ውሃና ስለ አፈር መማር እወዳለሁ። ነገር ግን ሁላችን ከሄድን እርከኑን ማን ይጠግነዋል? ተምሬ ብመለስስ ቃሌን ትሰሙኛላችሁን?» አለ።

ሽማግሌው አልተቈጡም። «ልሰማህ አይደለምን የጠየቅሁህ» ብለው መለሱለት።

ይኽን በሰማሁ ጊዜ አፈርሁ። እኔ ልጆቼ የሚማሩትን ትምህርትና የሚገቡበትን ሥራ በልቤ ቈርጬ ሳለሁ፥ አንድ ቀን እንኳ ስለ አገራቸው የሚያስቡትን ጠይቄ አላውቅም። ብዙዎቻችን የቤት አባቶች እንዲሁ ነን። ልጅን ዝም ማሰኘት ጨዋነትን ማስተማር ይመስለናል፤ ካደገ በኋላ ግን ስለ አገሩ አያስብም ብለን እንወቅሰዋለን። ልጅ የሚናገረው ሁሉ ይፈጸም አልልም። ሆኖም እርከኑን የካቡት አባቶች ቢሆኑም፥ የሚመጣውን ክረምት የሚቀበለው ልጁ ስለ ሆነ፥ አሳቡ አስቀድሞ ሊሰማ ይገባል።

ከመንገድ በተመለስሁበት ማታ ከራት በኋላ ልጆቼን አስቀምጬ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ወንዱ ቀልድ መስሎት ሣቀ። እኅቱ ግን በሰፈራችን ወንዝ ዳር ምን ዓይነት ዛፍ ቢተከል ጐርፉ እንደሚገታ ትነግረኝ ጀመር፤ ወንድሟም ሣቁን ትቶ ይከራከራት ያዘ። እናታቸው፥ «አሁንስ ተኙ» እስክትለን ድረስ አመሸን።