«የማይዝግ» ሰንጢዬ ጅቡቲ ላይ ጉድ ሠራችኝ

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራችሁም፤ ስለ ሰንጢ ነው። «ደግሞ ስለ ሰንጢ ምን ይወራል?» ካላችሁ እባካችሁ ታገሡኝ። የአክስቴን ልጅ እግር ልታሳጣው ነበርና!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አንዲት ታጣፊ ሰንጢ ገዛሁ። ስለቷ ላይ «ስቴንለስ» የሚል ተጽፎባታል። ሻጩም «ወንድሜ ሙት፣ ይቺ ውኃ ውስጥ ብታድር አትዝግም!» ብሎ ማለልኝ። እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባ ላይ አላሳፈረችኝም። ሸንኮራ ስመለምልባት፣ ብርቱካን ስልጥባት ከርማ አንዲት የዝገት ነጥብ አላየሁባትም። እኔም በየሄድኩበት ከኪሴ እያወጣሁ ጉራዬን እነዛ ነበር።

ታዲያ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጅቡቲ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ «ና እንጂ፣ ባሕር ሳታይ ልታረጅ ነው?» አለኝ። በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማጓጓዝ በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ተጉዤ ጅቡቲ ገባሁ። ማታ ወደብ አካባቢ ስንዘዋወር ከንፈሬን ብልሰው ጨው ጨው አለኝ። የአክስቴ ልጅ ቤት ስደርስ ደግሞ የበሩ ማጠፊያ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ ደጅ የቆመው ብስክሌት ሁሉ በዝገት ቡናማ ሆኗል። «እዚህ አገር ብረት ቶሎ ያረጃል» አለኝ እየሳቀ። ያኔ ነበር መስማት!

ጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። በመጀመሪያው ዓርብ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወዳለችው ሙሻ ደሴት ዓሣ ልናጠምድ በትንሽ ጀልባ ወጣን። በቀይ ባሕር አካባቢ የጀልባ አዛዥ «ናኹዳ» ይባላል። የእኛ ናኹዳ ሽበት የወረሳቸው፣ አማርኛ የሚሞክሩ ሰው ናቸው። እኔ በሰንጢዬ ትንንሽ ዓሣ እየቆረጥኩ መንጠቆ ላይ ስሰካ ዋልኩ። ማታ የአክስቴ ልጅ «ሰንጢህን በሚጠጣ ውኃ እጠባት» ቢለኝ «ስቴንለስ ናት ባክህ!» ብዬ በሱሪዬ ጠርጌ ኪሴ ከተትኳት።

በማግስቱ እንደ ማድያት ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ፊቷ ላይ ወጣ። ደነገጥኩ? ኧረ በጭራሽ። በሳምንቱ አጋማሽ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነድተን አሳል ሐይቅ ሄድን። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ ዳር ዳሩ በረዶ የወረደበት የሚመስል ነጭ የጨው ሜዳ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ወደ 35 ግራም ጨው ሲይዝ፣ አሳል ግን የዚህን አሥር እጥፍ ያህል ይይዛል። እኔ ጉረኛው እዚያ የጨው ቅርፊት በሰንጢዬ እየፈነቀልኩ ፎቶ ተነሣሁ። አሁንም ሳላጥባት አጠፍኳት።

የሁለተኛው ዓርብ ጉድ

በሁለተኛው ዓርብ ያው ጀልባ፣ ያው ናኹዳ። ደሴቷ አጠገብ ስንደርስ መልሕቁ ተጣለ። ገመዱ ከጀልባዋ ወለል እየተፈታ ሲወርድ አንዱ ጥምጣም የአክስቴን ልጅ ቁርጭምጭሚት ያዘው። መልሕቁ ታች ድንጋይ ነክሷል፤ ላይ ነፋስ ጀልባዋን ይገፋል። ገመዱ እየጠበቀ እግሩን ወደ ጀልባዋ ጠርዝ ጎተተው። «ቁረጠው! ቁረጠው!» ብሎ ጮኸ።

ሰንጢዬን መዥረጥ አደረግኩ። አልከፈት አለች! በጥፍሬ ብጎትት ጥፍሬ ተገነጠለ። በጥርሴ ብሞክር ጨውና ዝገት ብቻ ቀመስኩ። እሱ እያየኝ ነው። ያቺን አስተያየቱን መቼም አልረሳትም።

ናኹዳው ከሞተሩ ዘለው መጡ። አንገታቸው ላይ በክር ካንጠለጠሉት ሰንጢ በአንድ እጃቸው ከፈቱና ገመዱን ቆረጡት። አለቀ። መልሕቁ ባሕር ውስጥ ቀረ፣ ዋጋውን እኔ ከፈልኩ፤ የአክስቴ ልጅ ቁርጭምጭሚት ግን ቆዳው ተልጦ ሁለት ቀን አነከሰ።

ሲረጋጉ የእርሳቸውን ሰንጢ አሳዩኝ። እጀታው ቢጫ ነው፣ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ እንዲታይ። ስለቱ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ገመድ ላይ እንዳያንሸራትት። አንድ ጠላቂ በስጦታ የሰጣቸው «ስፓይደርኮ ሶልት» የሚባለው ዓይነት ነው። ሦስት ዓመት ባሕር ላይ ኖሮ ስለቱ ንጹሕ ነው!

ምስጢሩ ምንድን ነው? «ስቴንለስ» የሚባል ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለበት። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሲጫር መልሶ ራሱን ይጠግናል። የባሕር ጨው ግን ይህን ሽፋን ይበሳዋል። ይባስ ብሎ እንደ ማጠፊያው ባለ አየር በማይገባበት ጠባብ ቦታ ሽፋኑ መጠገን ያቅተዋል። ለዚህ ነው ፊቷ ላይ ነጠብጣብ ብቻ የታየባት ሰንጢዬ ውስጥ ውስጡን ተበልታ የጠበቀችኝ። በዚያ ላይ ስለቷ ስቴንለስ ቢሆንም ሞላዋና ሚስማሯ ተራ ብረት ነበሩ።

ሌላም አለ። ስለት እንዲጠነክር የሚጨመረው ካርቦን ክሮሚየሙን ይሻማዋል። የናኹዳው ሰንጢ የተሠራበት «ኤች ዋን» የተባለው የጃፓን ብረት ካርቦኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ናይትሮጅንም ገብቶበታል። ስለዚህ ዝገትን ይቋቋማል። ግን ነጻ ስጦታ የለም። ጥርስ የሌለው የኤች ዋን ስለት ከብዙ የሰንጢ ብረቶች ቶሎ ይደንዛል፤ ቶሎ ቶሎ መሳልን ይፈልጋል።

እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ያን «የማይዝግ» ሰንጢ ወደብ ስንመለስ ከጀሪካን በቀዱት የሚጠጣ ውኃ ነከሩት፤ እየከፈቱ እየዘጉ አጠቡት። «አይዝግም አይደል እንዴ?» ብላቸው «ልጄ፣ ጨው ሲደርቅ አሸዋ ነው። ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይነክሳል» አሉኝ። አፈርኩ።

እናም የባሕር ጉዞ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ጅቡቲም ሆነ ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር፣ ይቺን ያዙ። ሰንጢ ስትገዙ ስለቱን ብቻ ሳይሆን ሞላውና ቡሎኑ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ባሕር የነካውን ዕለቱን፣ ከፍታችሁ፣ ጨው በሌለው ውኃ እጠቡ፤ አድርቁት፤ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርጉ። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ አንዴ ከፍታችሁ ሞክሩት። ይህን አንዱን ባደርግ ኖሮ ጠዋት ቤት ሳለሁ ባወቅኩት ነበር።

የእኔዋን አዲስ አበባ መልሼ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌ በፒንሳ ከፈትኳት። ሞላዋ ተሰበረ፤ ስለቷም ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተበሳስቷል። አልጣልኳትም፣ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ አውጥቶ ከፈታትና «ውኃ ውስጥ ብታድር አትዝግም!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነበር።