«የለውም» ሌላ፣ «አይሰጥም» ሌላ

ለማስተማር ልምምድ ስንዘጋጅ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሣ። አርጎን የተባለው ኖብል ጋዝ የቫሌንስ ኤሌክትሮኖቹ ስንት ናቸው? ገሚሱ «ስምንት» አለ፤ ገሚሱ ደግሞ «ከማንም ጋር የማይዋሀድ ጋዝ ምን የቫሌንስ ኤሌክትሮን አለው? ዜሮ ነው እንጂ!» ሲል ተሟገተ። እጅ አውጥተን እንወስን ያለም አልጠፋ። እኛ ግን ኤሌክትሮን በቆጠራ እንጂ በድምፅ ብልጫ አይታወቅም ብለን እርሳስና ወረቀት አቀረብን።

የአርጎን አቶማዊ ቁጥር 18 ነው። ኤሌክትሮኖቹ ከኒውክለሱ አንሥቶ በየሼሉ ሲደረደሩ 2፣ 8፣ 8 ይሆናሉ። የቫሌንስ ኤሌክትሮን የምንላቸው በመጨረሻው ሼል ያሉትን ስለሆነ መልሱ 8 ነው። አርጎን የውጪ ሼሉ የተረጋጋ በመሆኑ በተለመደው ሁኔታ ኤሌክትሮን አይሰጥም፣ አይቀበልም፣ አይጋራም። ታዲያ ሰው ገንዘቡን ስላላበደረ ኪሱ ባዶ ነው ይባላል እንዴ?

ስምንት ባዮቹም ገና አላረፉም። አንዲት እኅታችን «ሂሊየምስ?» ብላ ጠየቀች። ሂሊየም ከነአርጎን ጋር በ18ኛው ምድብ ቢሰለፍም ያለው ኤሌክትሮን በጠቅላላው 2 ነው። የመጀመሪያው ሼል ከ2 በላይ ስለማይዝ በዚያው ይሞላል፤ የቫሌንስ ኤሌክትሮኖቹም 2 ብቻ ናቸው። እንግዲህ «ኖብል ጋዝ ሁሉ ስምንት» ብሎ የሸመደደ መምህር እዚህ ላይ ይደናቀፋል።

ሬይሊና ራምሴይ በ1894 እ.ኤ.አ. አርጎንን ከአየር ለይተው ባገኙት ጊዜ ስሙ «ሥራ ፈት» ከሚል የግሪክ ቃል ተወሰደ። የዚህ ምድብ ጋዞች ከምንም አይዋሀዱም ሲባልም ብዙ ዘመን ተኖረ። በ1962 እ.ኤ.አ. ግን ኒል ባርትሌት ካናዳ ውስጥ ዜኖንን ከፕላቲኒየም ሄክሳፍሎራይድ ጋር አዋሀደው። የዜኖን የመጨረሻ ሼል ከኒውክለሱ ራቅ ስለሚል ብርቱ ጎታች ሲመጣበት ኤሌክትሮን ይለቃል። ባይኖረው ኖሮ ከየት ያመጣው ነበር?

የሙያ ባልደረቦቻችን! ነገ ከፊታችን የሚቀመጠው ልጅ ይህንኑ ይጠይቀናል። «መጽሐፉ እንዲህ ስለሚል ነው» ብለን ካስቀመጥነው ዳግመኛ እጁን አያወጣም። ቁጥሩን ከመንገራችን በፊት ጠመኔውን እንስጠው፤ ሼል በሼል ራሱ ይቁጠር።